መርፌ፣ አሲድና ሌዘር በውበት ሳሎን ፈቃድ አይሠራ፦ ለከተማችን የጤና ቁጥጥር ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሐዋሳ የጤና ተቋማትንና የጤና ባለሙያዎችን ሥራ ለምትቆጣጠሩ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በከተማችን የመንግሥትና የግል የቆዳ ሕክምና ክፍሎች የምንሠራ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ፋርማሲስቶች ነን። በውበት ሳሎኖች ውስጥ ፊት ላይ የሚሰጠውን መርፌ፣ አሲድና ሌዘር እንድትቆጣጠሩ በጽሑፍ ጠይቀናችሁ ነበር። የደረሰን መልስ «አገልግሎቱ የውበት እንጂ የሕክምና ስላልሆነ በንግድ ፈቃድ የሚታይ ነው» ይላል። በዚህ መልስ አንስማማም። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግነው ወደነዚህ ቤቶች የሚሄደው ነዋሪም እንዲያነበው ብለን ነው።

የውበት ሥራን አንቃወምም። እንፋሎት፣ ፊት ማጽዳት፣ ማስክ፣ ቅንድብ መቀንደብና ሜካፕ የሳሎን ሥራ ናቸው፤ በዚያው ይቀጥሉ። የምንጠይቀው ቆዳን ዘልቆ ስለሚገባው ነው፤ መርፌ፣ ቆዳ የሚልጥ አሲድ፣ ብርሃንን ወደ ሙቀት የሚቀይር መሣሪያ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትን፣ የሕክምና መሣሪያንና የውበት መጠበቂያን ጭምር ይመለከታል። አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ፋርማሲ ውስጥ ሲቀመጥ በሕግ የሚጠበቅ፣ ሳሎን ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ግን ጠያቂ የሌለው የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ከሁሉ በፊት የምናነሣው የወረቀት ጉዳይ ነው። ፊቷ አብጦ ወይም ተቃጥሎ የምትመጣ ታካሚን «ምን ተደረገልሽ?» ስንላት የምናገኘው መልስ «የኮሪያ መርፌ»፣ «ቫይታሚን»፣ «ነጩ ፈሳሽ» የሚል ነው። የመድኃኒቱ ስም የለም፤ መጠኑ የለም፤ የመለያ ቁጥሩ የለም፤ የወጋው ሰው ስልክ አይነሣም። ሕክምናው ግን የሚወሰነው በዚሁ ነው። ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ፊለር (ፊትን ለመሙላት የሚወጋ) ከሆነ የሚያሟሟው መድኃኒት አለ። ሲሊኮን ወይም ካልሲየም ያለበት ከሆነ ያ መድኃኒት አይሠራም፤ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ይህን ሳናውቅ የምናባክነው ጊዜ የታካሚዋ ነው።

ጊዜ ምን ያህል እንደሚቆጠር ለማስረዳት በፊለር እንጀምር። ፊለር ከንፈርን፣ ጉንጭን፣ ከአፍንጫ ሥር ወደ አፍ የሚወርደውን መስመር ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ዝልግልግ ነገር ነው። መርፌው ሳይታወቅ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ወይም ፊለሩ ከውጭ የደም ሥሩን ከተጫነው፣ ያ ሥር የሚመግበው ቆዳ ደም ያጣል። የመጀመሪያው ምልክት የቦታው መንጣት ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ንጣቱ ሊደበቅ ስለሚችል ቦታውን በጣት ተጭኖ መልቀቅና የቀድሞ መልኩ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ መውሰዱን ማየት ይሻላል። ቀጥሎ መረብ የመሰለ ሐምራዊ ጥላ ይወጣል። ብዙዎቹ ፊለሮች ማደንዘዣ ስላለባቸው ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ «አላመመኝም» ማለት ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከቀናት በኋላ ውኃ የቋጠረ እብጠት፣ ከዚያ ጥቁር ቅርፊት ይከተላል፤ መጨረሻው ጠባሳ ነው።

ፊለሩ ከሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ከሆነ መፍትሔው የሚያሟሟው፣ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል መድኃኒት ነው። መርፌው ወዲያው ይቆማል፤ መድኃኒቱ በመቶዎች በሚቆጠር ዩኒት ደም ባጣው ቦታ ሁሉ ይወጋል፣ ቦታው ይታሻል፣ የሞቀ ጨርቅ ይደረግበታል፤ የቆዳው መልክ ካልተመለሰ በየሰዓቱ ይደገማል። ለዚህ አንድ ብልቃጥ ላይበቃ ይችላል። ከሁሉ የከፋው በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ላይ የሚወጋው ነው፤ የዚያ አካባቢ የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥሮች ጋር ይገናኛሉ። ፊለሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ዓይን ውስጥ ከደረሰ ብርሃን ይጠፋል። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ያለ ደም የሚቆየው ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአምቡላንስም ቢሆን አይደረስም። ስለዚህ መድኃኒቱና የሚያውቀው እጅ እዚሁ፣ ፊለሩ በሚወጋበት ክፍል ውስጥ መኖር አለባቸው። በሳሎኖቹ ውስጥ ይቅርና በከተማው ፋርማሲዎችም ሃያሉሮኒዴዝ ፈልገን ያጣንበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ጉዳይ እንጥቀስ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ወደ ከተማችን እየመጣ በሳሎን ክፍል ተከራይቶ የሚወጋ ሰው ለአንዲት ወጣት አፍንጫዋን «ቀጥ ለማድረግ» ፊለር ወጋት። ማታውን አፍንጫዋ ሐምራዊ ሆነ። ስትደውል «እብጠት ነው፣ በረዶ አድርጊበት» አላት። በረዶ የደም ሥርን የበለጠ ያጠባል፤ ማድረግ የነበረባት የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰኞ ስትመጣ የአፍንጫዋ ጫፍ ጠቁሮ ነበር። የወጋት ሰው ተመልሶ ሄዷል፤ የሳሎኑ ባለቤት «እኔ ክፍል ነው ያከራየሁት» አሉ። ተጠያቂው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

«ያለ መርፌ ፊለር» ተብሎ የሚተዋወቀው ብዕር መሰል መሣሪያም አለ። ፈሳሹን በግፊት ወደ ቆዳ ይረጫል። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚገባ የሚቆጣጠረው የለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሕዝቡም ባለሙያዎቹም እንዳይጠቀሙበት አስጠንቅቋል። እዚህ ግን በስልክ ታዝዞ በታክሲ ይደርሳል።

ወደ ቦቶክስ እንለፍ። ቦቶክስ ጡንቻን ለጊዜው አዝሎ መጨማደድን የሚቀንሰው የቦቱሊነም ቶክሲን አንዱ የንግድ ስም ነው። ቦቱሊነም ቶክሲን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ይህ አያከራክርም። 100 ዩኒት ያለው የቦቶክስ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። በ2.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ) ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 4 ዩኒት ይኖራል። በሁለቱ ቅንድቦች መካከል ላለው መጨማደድ በአምስት ነጥብ 4፣ 4 ዩኒት፣ በድምሩ 20 ዩኒት ይወጋል። ከተበጠበጠ በኋላ የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደው 24 ሰዓት ብቻ ነው። ዲስፖርት በሚል ስም የሚሸጠው የዚሁ መድኃኒት ዓይነት ዩኒቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለዚያው ቦታ የሚሰጠው 50 ዩኒት ነው። የአንዱን ቁጥር ይዞ ሌላውን የሚወጋ ሰው ከሚገባው ሁለት እጥፍ ተኩል ይሰጣል፤ ወይም ደንበኛዋ ምንም ለውጥ ሳታይ ገንዘቧን ታጣለች።

በሳሎኖች የምንሰማው አሠራር ይህን ሁሉ የሚጥስ ነው። አንድ ብልቃጥ ተበጥብጦ ደንበኛ እስኪሰበሰብ ይቀመጣል፣ መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ይሞቃል፣ የሙቀት መጠኑን የሚመዘግብ የለም። መርፌው ከቅንድብ በላይ ካለው አጥንት ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት ሲገባው ዝቅ ብሎ ይወጋል፤ መድኃኒቱ የዓይን ቆብ የሚያነሣውን ጡንቻ ያገኘውና ቆቡ ይወድቃል። ለዚህ ማርከሻ የለውም። የዓይን ጠብታ ጥቂት ሊያነሣው ይችላል እንጂ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መጠበቅ ነው። ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ እንዳለባት፣ ጄንታማይሲን የመሰለ መድኃኒት እየወሰደች እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ በሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ባልተሰጠ የዚህ ዓይነት መርፌ በ11 ግዛቶች 22 ሰዎች እንደተጎዱ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት አሳውቀዋል። ቁጥጥሩ ጥብቅ በሆነበት አገር ይህ ከደረሰ፣ በሻንጣ የሚመጣው ብልቃጥ እዚህ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

በቁጥር ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በአሲድ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሠርግ ወራት የክፍሎቻችን ወረፋ በዚህ ይሞላል። ሙሽራ ሠርጓ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ፒሊንግ (ቆዳን በአሲድ መላጥ) ይሠራላታል፤ ቀላሉ ፒሊንግ እንኳ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆዳ ይልጣል። ጠይም ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ለመልቀቅ ወራት ይፈጃል። ሳምንት የቀራትን ሙሽራ «አይሆንም» ብሎ መመለስ የሚያውቅ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ሳሎኑ ግን ገበያው የሚደራው ያኔ ነው።

ትክክለኛው አሠራር ይህን ይመስላል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ ቆዳው በፀሐይ መከላከያና ሐኪም ባዘዘው ቅባት ይዘጋጃል። ሬቲኖይድ (ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ መድኃኒት) ያለበት ቅባት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይቆማል። የአፍ ዙሪያ ምች በተደጋጋሚ የሚወጣባት ከሆነች አሲክሎቪር ይሰጣታል። ከጆሮ ጀርባ ይሞከራል። በዕለቱ ፊቱ ከቅባት ይጸዳል፣ የዓይን ማእዘን፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ዙሪያና ከንፈር ቫዝሊን ይቀባሉ። ግላይኮሊክ አሲድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ባለው ይጀመራል፤ በሰዓት እየታየ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ በሶዲየም ባይካርቦኔት ይመከናል፤ ማለትም የአሲዱ ኃይል ይሰበራል። ቦታው ነጭ ሆኖ ከታየ ደቂቃው ባይሞላም ወዲያው ይመከናል፤ ቆዳው እየተላቀቀ ነውና። የሚቀጥለው ዙር ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠብቃል።

ቲሲኤ የሚባለው አሲድ ፈጽሞ ሌላ ባሕርይ አለው። በባይካርቦኔት አይመከንም። ጥልቀቱን የሚወስኑት የአሲዱ መጠንና ስንት ጊዜ ተደርቦ እንደተቀባ ነው፤ ከተቀባ በኋላ ውኃ ማፍሰስ ማቃጠሉን ያበርዳል እንጂ የገባውን አያስወጣም። 35 በመቶ የሆነ ቲሲኤ ለጠይም ፊት አደገኛ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ሙሉ ፊት ላይ መቀባት ጠባሳ መጋበዝ ነው። እኛ ያየነው ጠርሙስ ደግሞ ጽሑፍ የለውም። ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ የተገለበጠ፣ በእስክሪብቶ «ፒል 2» የተባለ ነው። ሠራተኛዋ ግላይኮሊክ ነው ብላ ባይካርቦኔት ይዛ የምትጠብቀው ቲሲኤ ቢሆን ምን ይሆናል? ሁለት እህትማማቾች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ጠርሙስ ተቀብተው መጥተዋል። አንዷ ላዩን ተልጣ ዳነች፤ ሌላዋ ጉንጯ ላይ ያበጠ ጠባሳ ቀረባት። ልዩነቱ ሁለተኛዋ ለረጅም ጊዜ የማቅያ ክሬም ትቀባ የነበረች መሆኗ ነው፤ ቆዳዋ ሳስቷል፣ አሲዱም ጠልቆ ገባ። ቀድሞ የጠየቃት አልነበረም።

የማቅያ ክሬሙ ራሱ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ እዚህ የምናነሣው ከተያዘው ጉዳይ ጋር ስለተጣበቀ ብቻ ነው። 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ ከጠንካሮቹ የሚመደብ፣ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ የማይሰጥ፣ ፊት ላይም የማይቀባ መድኃኒት ነው። በገበያ ግን ከሳሙናና ከሎሽን ጋር ይሸጣል፤ በሳሎኖችም ቆዳ ከሚያነጣው ከሃይድሮኪኖን ጋር ተቀላቅሎ ያለ ስያሜ በትናንሽ ዕቃ ይታደላል። ቆዳ ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ቡግር ይፈላል፣ ሲተዉት ደግሞ ፊት ይነዳል። ሃይድሮኪኖንም ለዓመታት ሲቀባ ሰማያዊ የሚመስል፣ ለማከም እጅግ የሚያስቸግር ጥቁረት ይተዋል።

ሌዘር ላይ ያለን ቅሬታ ከመሣሪያው ይጀምራል። ብርሃኑ የሚፈልገው ቀለምን ነው። ቆዳው ጠይም ሲሆን ለፀጉሩ ሥር የታሰበው ሙቀት ቆዳው ላይ ይቀራል። ለጠይም ቆዳ ከሁሉ የሚሻለው የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን የሚለቀው፣ ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ነው፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ በላይኛው ቀለም የሚያዘውም ጥቂት ነው። 755 ናኖ ሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ሌዘርና አይፒኤል የተባለው፣ ሌዘር ያልሆነ ብርቱ ብርሃን የሚለቀው መሣሪያ በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ ያቃጥላሉ። በከተማችን ግን ርካሽ ስለሆነ የሚገባው አይፒኤል ነው፤ በላዩ ላይ የተለጠፈው የመጠን ሰንጠረዥም ለነጣ ቆዳ የተዘጋጀ ነው። ከእነዚህ ቤቶች የሚመጣው ቃጠሎ ቅርጹ ራሱ ይናገራል፤ የመሣሪያው ጫፍ አራት ማዕዘን ጉንጭ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ሙከራ በትንሽ ቦታ ተደርጎ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ቢጠበቅ አብዛኛው ይቀር ነበር። መብራት ሲቆራረጥ የማቀዝቀዣው ክፍል ሳይሠራ ብርሃኑ ብቻ ከቀጠለም ቃጠሎ ይመጣል። በሐይቁ ዳር ፀሐይ ሲመታት የሰነበተች ደንበኛም በዚያው መጠን መሠራት የለባትም።

ማድያትን በአይፒኤል «እናጠፋለን» የሚለውን ማስታወቂያ በተለይ እንድታዩት እንለምናለን። ሙቀት ማድያትን ይቀሰቅሳል፤ ለጥቂት ሳምንት ፈካ ብሎ ከቀድሞው ጠቁሮ ይመለሳል። የዓይን መከላከያ መነጽርም ለሁሉ የሚሆን አንድ ዓይነት የለም። ላዩ ላይ የተጻፈው የሞገድ ርዝመት ከመሣሪያው ጋር መግጠም አለበት። በቅንድብ ሥር፣ በዓይን ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ፀጉር በሌዘር መምታት ጨርሶ መከልከል ያለበት ነው።

ቆዳን በብዙ ጥቃቅን መርፌዎች ስለሚበሱት ደርማፔንና ደርማሮለር በአጭሩ፦ ለፊት የሚሠራበት ጥልቀት ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ደም ይነካል። ጫፉ የታሸገ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን፣ ሲያበቃም በሴፍቲ ቦክስ የሚጣል ነው። በአልኮል መንከር ማምከን አይደለም፤ በመርፌዎቹ ሥር የደረቀው ደም ይቀራል። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤችአይቪ የሚተላለፉት እንዲህ ነው። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በተዘጋ አንድ ስፓ ውስጥ የራሳቸውን ደም ፊታቸው ላይ በመርፌ ያስደረጉ ደንበኞች ኤችአይቪ እንደያዛቸው ተረጋግጧል፤ ዝርዝሩም በ2024 ታትሟል። በተወጋው ቆዳ ላይ ለመርፌ ያልተዘጋጀ የቫይታሚን ሲ ሴረም መቀባትም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ጓጓላ እብጠት ያመጣል።

አንድ ነገር ሳንሸፍን እንናገር። ሳሎን ውስጥ ከሚወጉት መካከል የእኛው የሙያ ባልደረቦች አሉ። የሙያ ፈቃድ ያለው ነርስ ፈቃድ በሌለው ቤት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲወጋ ጥፋቱ የበለጠ ይከብዳል፤ ስለ ሙያችን ብለን አንሸሽገውም። በሌላ በኩል ተቆጣጣሪዎቻችሁ ወደ እኛ ክፍሎች ሲመጡ የማምከኛ መዝገብ፣ የፍሪጅ ሙቀት፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የባለሙያ ፈቃድ አንድ በአንድ ያያሉ። ይህ ተገቢ ነው፤ ይቀጥል። በዚያው ሕንፃ ሌላ ፎቅ ላይ ይህንኑ መርፌ የሚወጋው ቤት ግን በሩ አይንኳኳም። ደንቡን የሚያከብረው ወጪ ሲያወጣ፣ የማያከብረው በርካሽ ይሠራል፤ የተበላሸውንም እኛው እንቀበላለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ የሰጣችሁን መልስ እንደገና እንድትመረምሩና ቦቱሊነም ቶክሲን፣ ፊለር፣ በመርፌ የሚሰጥ ማንኛውም «ማቅያ»፣ ቲሲኤና ከ30 በመቶ በላይ የሆነ ግላይኮሊክ፣ ሌዘርና አይፒኤል፣ ደርማፔንና ደርማሮለር በጤና ተቋም ፈቃድ ብቻ የሚሰጡ መሆናቸውን በዝርዝር ጽፋችሁ እንድታወጡ።

ሁለተኛ፣ ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነገር፦ ፊቱ ላይ መርፌ፣ አሲድ ወይም ሌዘር የተደረገለት ሰው ሁሉ ካርድ ይዞ ይውጣ። ካርዱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ የመለያ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን፣ የተሰጠው መጠንና ቦታ፣ ለሌዘር የመሣሪያው ዓይነትና የተሠራበት ጉልበት፣ የሠራው ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር፣ ሌሊትም የሚነሣ ስልክ ይጻፍ። ብዙዎቹ የፊለር ሣጥኖች ለዚሁ የሚሆን ተለጣፊ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚጠበቀው መለጠፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሃያሉሮኒዴዝ በከተማው ውስጥ ቢያንስ በአንድ የሆስፒታል ፋርማሲ 24 ሰዓት እንዲገኝ፣ ከዓይን ሕክምና ክፍል ጋርም የድንገተኛ ቅብብል እንዲዘጋጅ። ሃያሉሮኒዴዝ በእጁ የሌለው ሰው ፊለር እንዳይወጋ። ቅዳሜና እሑድ እየመጣ የሚሠራ ባለሙያም እሱ በሌለበት ታካሚውን የሚከታተል የከተማ ተቋም በጽሑፍ ሳያሳውቅ እንዳይሠራ።

አራተኛ፣ ከንግድ ፈቃድ ሰጪዎች ጋር በጋራ ወጥታችሁ እንድትቆጣጠሩ። የምታዩት ብዙ አይደለም፤ ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ ወይ፣ ጠርሙሱ ላይ ስም አለ ወይ፣ መድኃኒቱ ደረሰኝ አለው ወይ፣ ሴፍቲ ቦክስ አለ ወይ፣ መነጽሩ ከሌዘሩ ጋር ይገጥማል ወይ። ለዚህ ሥራ የሚረዷችሁን ባለሙያዎች ከመካከላችን ያለ ክፍያ እንመድባለን።

በመጨረሻም፣ ከእነዚህ ቤቶች ጉዳት ደርሶባቸው የሚመጡትን ሰዎች የምናሳውቅበት አንድ ቅጽና አንድ ተቀባይ እንድትመድቡልን፣ ለዚህ ደብዳቤም በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሐዋሳ በቆዳ ሕክምና ክፍሎች የምንሠራ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ፋርማሲስቶች